ለብዙ ባልንጀሮች አንድ ቤት

የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ በመካነ ሰላም ከተማ አንድ ዓይነት እንግዳ ይበዛል። ከቦረና የገጠር ቀበሌዎችና ከአጎራባቾቹ ወረዳዎች፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከሚያዘቀዝቀው ቆላም ጭምር፣ አባቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ወደ ከተማ ይገባሉ። አባት ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ልጅም ደብተሩን ዝናብ እንዳይነካበት በላስቲክ ጠቅልሎ ይከተለዋል። የሚሹት እህል ወይም ከብት አይደለም፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጅ የሚያድርበት ቤት ነው። በየደጁ እየቆሙ፣ «የሚከራይ ክፍል ይኖራችኋል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ።

እኛም በማስተማር ሥራ ላይ ስለምንገኝ፣ በቤተ ክርስቲያንም በኩል ብዙ ሰው ስለሚያውቀን፣ ከእነዚህ አባቶች አያሌዎቹ ወደ እኛ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው በየዓመቱ አንድ ስለ ሆነ፣ ምናልባት ለሌሎችም ቤተ ሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ በማሰብ በዚህ ወር ስለ ተማሪዎች ማደሪያ ጥቂት ለማሳሰብ ወደድን። ነገሩ የመካነ ሰላም ብቻ አይደለም። ልጁን ወደ ደሴ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ወላጅ ሁሉ ከዚሁ ጥያቄ ጋራ ይገናኛል።

በቅርቡ አንድ ሽማግሌ ወደ ቤታችን መጥተው ከተቀመጡ በኋላ እንዲህ አሉን፦ «መምህር፣ ልጆቹ ሰባት ናቸው። አምስቱ ባንድ አጥቢያ ክርስትና የተነሡ፣ ሁለቱ የእስላም ጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። ሁሉም ባንድ መስክ ከብት ጠብቀው ያደጉ ስለ ሆኑ ባንድ ቤት ካልሆንን ይላሉ። በኛ አቅም ሰባት ልጅ የሚያስገባ ቤት ይገኛል ወይ?»

እኛም፣ «አባቴ፣ ቤቱ ከመፈለጉ በፊት እያንዳንዳችሁ ምን ያህል ለመክፈል እንደምትችሉ ተነጋግራችኋል ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ስድስታችን ተነጋግረናል» አሉን።

«ሰባተኛውስ?»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሰባተኛው አባቱ የሞተበት ነው፤ እናቱ ብቻዋን ናት። እርሻዋንም ለእኩል ሰጥታ ነው የምትኖረው። የእሱን ድርሻ የሚከፍል ስለሌለ ስድስቱ ይግቡ፣ እሱ ለከርሞ ይደርሳል ብለን ነበር» ሲሉ መለሱልን። ይኸንንም ሲናገሩ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው ነበር።

አንባብያን ሆይ፣ ይህ ቃል የድሮ ነገር አስታወሰን። እኛም በወጣትነታችን በደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ስድስት ባልንጀሮች ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። ኪራዩን እኩል እንካፈላለን፤ ወር በገባ ቍጥር ከመካከላችን ታላቁ ገንዘቡን ሰብስቦ ለባለቤቲቱ ያስረክባል። ከስድስታችን አንዱ ከእኛ ጋራ በአንድ ጉባኤ ቤት ዳዊት የደገመ ዲያቆን ነበር። የነቢያት ጾም ሲገባ የማታውን እራት መተው ጀመረ። እኛም ትሩፋት ይዞ ነው ብለን አደነቅነው። የልደት በዓል አልፎ ጾሙ ከተፈታም በኋላ ግን እንደዚያው ሆነ። ጥምቀት እንዳለፈ፣ «አባቴ ታሟል» ብሎ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሄደ።

አባቱ አልታመመም ነበር። ነገሩን የሰማነው ዘግይተን፣ ክረምት ወደ ቤታችን ስንመለስ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከአገር ስንቅም ገንዘብም ሳይመጣለት ቀርቶ፣ የቤቱን ድርሻ ለመክፈል ሲል የሚበላውን ቀንሶ ኖረ፤ በመጨረሻም አልሆንለት አለው። ድርሻው አምስታችን እሑድ እሑድ ለሻይ የምናወጣውን ገንዘብ አያህልም ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ትምህርት አልተመለሰም። እኛ ክፉ ሰዎች አልነበርንም፤ ነገር ግን አልጠየቅንም። ባንድ ጣራ ሥር እያደርን፣ ባንድ ብርድ ልብስ እየተኛን፣ የባልንጀራችንን ረኀብ ጾም መስሎን አለፍነው።

ስለዚህ ሽማግሌው «ለከርሞ ይደርሳል» ሲሉን የምናውቀው ነገር ሆኖ ተሰማን። ለድኻ ልጅ ከርሞ የሚባል ዓመት ብዙ ጊዜ አይመጣለትም።

ብዙ ሆኖ በጥቂት ገንዘብ ማደሪያ ማግኘት አዲስ ችግር አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት እንደምናነበው የነቢያት ልጆች ወደ ኤልሳዕ ቀርበው የሚኖሩበት ቦታ እንደ ጠበባቸው ተናገሩ፤ ከዚያም ወደ ዮርዳኖስ ወርደው እያንዳንዱ አንዳንድ ምሰሶ ቈርጦ ቤት ለመሥራት ተስማሙ። ነቢዩም አብሯቸው ሄደ። ከመካከላቸው አንዱ እንጨት ሲቈርጥ የምሳሩ ብረት ውሃ ውስጥ ወደቀበት። መሣሪያው የውሰት ስለ ነበረ ጮኸ፤ ኤልሳዕም ብረቱን እንዲንሳፈፍ አደረገለት። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ሁሉም የየራሱን ምሰሶ ማምጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ የራሱ ምሳር እንኳ ያልነበረው ድኻ ከማኅበሩ አለመለየቱና ጭንቀቱ ሳይሰማ አለመቅረቱ ነው።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምራ መልስ ሰጥታበታለች። የቆሎ ተማሪ አገሩን ለቅቆ ወደ መምህሩ ደብር ሲመጣ ኪራይ የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም። ከጓደኞቹ ጋራ እንጨትና ሣር ሰብስቦ ጎጆ ይቀልሳል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ውሻ እየተከላከለ በየመንደሩ ስለ እመቤታችን ስም ይለምናል፤ ያገኘውንም ቍራሽ ወደ ጎጆው አምጥቶ ከባልንጀሮቹ ጋራ ይካፈላል። ታላቁ ለታናሹ ቀለም ይነግረዋል፤ የታመመውን ጤነኛው ለምኖ ያበላዋል። ዛሬ «መጽሐፈ ምሥጢር» በተባለው ድርሰቱ የምናከብረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ከዚሁ ከእኛ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለትምህርት ሄዶ ነበር። ትምህርቱ ባይገባው፣ እህል እየፈጨ ገዳሙን ሲያገለግል እንደ ቆየና ኋላ በእመቤታችን አማላጅነት ምሥጢር እንደ ተገለጠለት ገድሉ ይተርካል። ያን ጊዜ ገዳሙ «ድርሻህን አልከፈልህም» ብሎ አሰናብቶት ቢሆን ኖሮ ምን ያህል በቀረብን ነበር!

በከተማ ገንዘብ ከፍሎ ማደር ግን ለአገራችን ሰው ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ ከፍሎ መብላት ነውር መስሎ ስለ ታየ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በመክፈል አርኣያ እንደ ሆኑ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ኪራይ የከተማ ኑሮ ምሰሶ ሆነ፤ መንግሥታትም በየጊዜው ሕግ አወጡለት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አድርጎ የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ ቀንሶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 ወጥቷል። ይህም ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። በክልል ከተሞች አዋጁ የት የት እንደሚሠራበት የሚወስኑት ክልሎች ስለ ሆኑ፣ አንድ አባት ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት የከተማውን አስተዳደር መጠየቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንመለስ። ብዙ ሆኖ ቤት ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ኪራዩ በክፍል ነው ወይስ በሰው ቍጥር? የሚለው ነው። አንዳንድ ባለቤት ለክፍሉ አንድ ዋጋ ይቈርጣል፤ አንዳንዱ ግን በነፍስ ወከፍ ያስከፍላል። ይህ ሳይታወቅ የተደረገ ስምምነት በወሩ መጨረሻ ጠብ ያመጣል። የመብራቱና የውሃው ሒሳብ በኪራዩ ውስጥ መሆኑንም፣ አለመሆኑንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለሽማግሌው ሒሳቡን በምሳሌ አሳየናቸው። ሰባት ልጅ ባንድ ክፍል መከተት ለጤናም ለትምህርትም አይበጅምና፣ ባንድ ግቢ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች በወር በ2100 ብር ተገኙ እንበል። ለሰባት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 300 ብር ይደርሳል። ሰባተኛውን አስቀርተን ለስድስት ብናካፍለው ግን 350 ብር ይሆናል። የሙት ልጁ ግማሽ ድርሻ፣ ማለት 150 ብር፣ ቢከፍል የቀሩት ስድስቱ የሚከፍሉት 325 ብር ነው። ምንም ባይከፍል እንኳ 350 ብር ከመሆን አያልፍም፤ ይህም ያለ እርሱ ይከፍሉት ከነበረው አንድ ሳንቲም አይበልጥም።

ሽማግሌው በዱላቸው ጫፍ መሬት ላይ ሰባት መስመር አሰመሩ። አንዱን ሰረዙ፤ መልሰው አሰመሩት። ከዚያም፣ «እንግዲያስ ልጁን ብናስቀረው ምን ልናተርፍ ነበር?» አሉ።

ኪራዩ በነፍስ ወከፍ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ እንዲህ ቀላል ባልሆነ ነበር። ያን ጊዜ የድኻውን ድርሻ ሌሎቹ በእውነት ከኪሳቸው ይሸከማሉ። ቢሆንም 300 ብር ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 50 ብር መሆኑን ማወቅ ደግ ነው። «አንችልም» ከማለት በፊት የማንችለውን ነገር መጠን መቍጠር ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ውል ነው። ተማሪዎቹ 18 ዓመት ካልሞላቸው ውሉን የሚፈርሙት ወላጆች ወይም አሳዳጊዎች ናቸው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ ብዙ ሰዎች ባንድነት ባለዕዳ ሲሆኑ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ዕዳው በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃል። ይኸውም ሰባት ሰው ባንድ ውል ፈርሞ አንዱ ቢጠፋ፣ ባለቤቱ የጠፋውን ድርሻ ከቀሩት ከማንኛቸውም ለመጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የየድርሻውን ብቻ እንዲጠየቅ ከተፈለገ በውሉ ላይ በግልጥ ይጻፍ። ለተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ደረሰኝ ወይም በፊርማ የተረጋገጠ ወረቀት ይያዝ። «እንተማመናለን» የሚለው ቃል መልካም ነው፤ ወረቀቱ ግን መተማመኑን ይጠብቀዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ሦስተኛው፣ ቤቱን በቀን ብርሃን ገብቶ ማየት ነው። በሩ ከውስጥ የሚቈለፍ መሆኑን፣ ጣራው የማያፈስ መሆኑን፣ መጸዳጃውና ውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ ይመርመሩ። ከሁሉ በላይ ግን መስኮቱን ይመልከቱ። አገራችን ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ተማሪዎችም ሽሯቸውን ባበሰሉበት ከሰል ሊሞቁ ሲሉ በርና መስኮቱን ዘግተው ይተኛሉ። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ያወጣል። ይህ አየር ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛ ሰው ሊያውቀው አይችልም። ጭሱ ጠፍቶ ከሰሉ ቀልቶ ቢታይም መርዙ አልጠፋም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ ብዙ ሲሆንም ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ስለዚህ ከሰል በደጅ ወይም በተከፈተ ማድቤት ይቀጣጠል፤ ከመኝታ በፊትም ከክፍሉ ይውጣ። መስኮት የሌለው ክፍል በግማሽ ዋጋ ቢሰጥ እንኳ ርካሽ ነው አይባልም።

አራተኛው ምግብ ነው። የገጠር ልጅ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ እንጀራው ሲያልቅ ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ይከተላል። የሰባቱ ስንቅ በየፊናው ከሆነ ያለው ሲበላ የሌለው ወደ ግድግዳ ዞሮ ይተኛል፤ ይህንንም በዓይናችን አይተነዋል። ስለዚህ እህሉ ባንድ ጆንያ፣ ሽሮው ባንድ ዕቃ ይሁን። በቤታችሁ ውስጥ እንደ እነዚህ ልጆች ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ቢያድሩ፣ የወሎ አባቶቻችን ለዚህ ልማድ አላቸው። በሠርግና በለቅሶ እንኳ ለየእምነቱ ለየብቻ እየታረደ ባንድ ዳስ ይቀመጡ የለምን? እንግዲህ ሥጋውና የሥጋው ድስት ይለይ፤ ሽሮው ግን የሁሉም ነው። እኛ በዐቢይ ጾም ስንጾም እነርሱ አያሳቅቁን፤ እነርሱም በረመዳን ለሌሊቱ ማዕድ ሲነሡ እኛ አናጕረምርምባቸው። እምነቱን ጠብቆ የባልንጀራውን የሚያከብር ልጅ ለአገሩም ለቤቱም ይሆናል።

አምስተኛው ስለ ሴቶች ልጆች ነው። አባቶች ወንዶቹን ለማሳደር ሲደክሙ ሴቶቹን፣ «ዘመድ ቤት ትጠጋ» ብለው እንደሚተዉ እናያለን። የተጠጋችበትም ቤት ብዙ ጊዜ ትምህርቷን በውሃና በእንጨት ይለውጥባታል። ሴቶች ልጆችም በቍጥር ሆነው አንድ ክፍል ቢከራዩ ይሻላል። ነገር ግን ክፍሉ የቤቱ እመቤት በምትኖርበት ግቢ ውስጥ ይሁን፤ መጠጥ ከሚሸጥበት ደጅ ይራቅ፤ መጸዳጃው ከግቢው ውጭ አይሁን፤ በሩም ጥሩ መቈለፊያ ይኑረው። ለዚህ የሚጨመረው ገንዘብ ብክነት አይደለም። እናትም ቢሆን በወር አንድ ቀን ሳታሳውቅ መጥታ ልጇን ብትጐበኛት መልካም ነው።

የተማሪዎቹን ጥፋትም ሳናነሣ ብናልፍ አድልዎ ይሆንብናል። ቤት ያላቸው ሰዎች፣ «ለተማሪ አናከራይም» ቢሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ሌሊት የሚጮኽ ራዲዮ፣ ሳይጠፋ የሚያድር መብራት፣ ሳይጠረግ የሚከርም መጸዳጃ፣ ያልታወቀ እንግዳ በየሳምንቱ ማሳደር፣ ኪራይ ሳይከፍሉ በሰኔ ጠፍቶ መሄድ እነዚህ ሁሉ አሉ። ስለዚህ ብዙ ሆነው የሚያድሩ ልጆች ከመካከላቸው አንድ አለቃ ይምረጡ። የማድቤቱ፣ የውሃውና የጽዳቱ ተራ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የጥናት ሰዓት ይወሰን። ማታ ማታ ክርስቲያኖቹ ቢያንስ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ባንድነት ይድገሙ። አለቃውም ኪራይ ከመሰብሰቡ በፊት እያንዳንዱን ለብቻው፣ «በዚህ ወር እንዴት ነህ?» ብሎ ይጠይቅ። ይኸን የመጨረሻውን ነገር የምንመክረው ለምን እንደ ሆነ አንባቢ አይስተውም።

ቀጥሎም በከተማ ለምትኖሩ ክርስቲያን ቤተ ሰቦች አንድ ቃል አለን። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርስቲ በቱሉ አውሊያ ብቻ ሳይሆን በመካነ ሰላምም ግቢ አለው፤ ከተማ ሲያድግ ክፍል ፈላጊ ይበዛል፤ ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ ዋጋ ይወደዳል። ቤታችሁን በነፃ ስጡ አንልም፤ ቤት ሠርቶ በኪራይ ልጅ ማሳደግ የተቀደሰ ድካም ነው። በወንጌል ደጉ ሳምራዊ እንኳ የቈሰለውን ሰው በእንግዶች ማደሪያ ሲያስቀምጥ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ከፍሏል፤ የጐደለውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገብቷል። ነገር ግን የከፈለው ሳምራዊው እንጂ ቍስለኛው አልነበረም። ሱነማዊቷም ሴት ለነቢዩ ለኤልሳዕ በሰገነት ላይ ትንሽ ቤት አሰናድታ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ አኖረችለት። አስተውሉ፤ አንድ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይሻል? በግቢያችሁ ውስጥ የዕቃ ማከማቻ ሆኖ የቀረ ክፍል ካለ ጠርጋችሁ፣ መስኮት አውጥታችሁ፣ በሚገባ ዋጋ ለተማሪ ብታከራዩት የሱነማዊቷን በረከት ታገኛላችሁ። ሰበካ ጉባኤያትና ሰንበት ትምህርት ቤቶችም በየነሐሴው የሚከራዩ ክፍሎችን ስም ዝርዝር ይዘው ከገጠር የሚመጡትን ቢመሩ፣ አንድ ብር ሳያወጡ ብዙ ቤተ ሰብ ይረዳሉ።

ሽማግሌውና እኛ በማግሥቱ አብረን ወጣን። አራት ደጅ ቆመን በአምስተኛው ባንዲት አሮጊት እናት ግቢ ሁለት ክፍሎች አገኘን። እማማ ቍጥሩን ሲሰሙ፣ «ሰባት ጎረምሳ! ግቢዬን የገበያ ቦታ ሊያደርጉት ነው?» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ልጆቹ በየተራ ውሃ ሊቀዱላቸውና እንጨት ሊፈልጡላቸው፣ የግቢው በር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊዘጋ፣ የሚያድር እንግዳ ቢመጣ አስቀድሞ ሊነገራቸው ተስማምተን እሺ አሉ። ከጠሩት ዋጋም ጥቂት ቀነሱ። ውሉ በስድስት አባቶችና ባንዲት እናት ስም ተጻፈ።

የእናቲቱም ነገር እንዲህ ሆነ። ሽማግሌው ወደ አገራቸው ተመልሰው ሒሳቡን ሲነግሯቸው እናቲቱ፣ «ልጄ በሰው ትከሻ አይማርም» ብለው እንቢ ብለው ነበር። ኋላ ግን ስድስቱ አባቶች ባቄላውንና አተሩን፣ በርበሬውንም አዋጥተው ሊሰጧቸው፣ እርሳቸውም የሰባቱን ሽሮና በርበሬ ዓመቱን ሙሉ ሊያሰናዱ ተስማሙ። ከኪራዩም ግማሽ ድርሻውን ብቻ ይከፍላሉ። እንግዲህ ልጁ በምጽዋት የገባ አይደለም፤ እናቱ እንደ ነቢያት ልጆች የራሷን ምሰሶ ይዛለት መጥታለች። ይኸንን ያሰብነው እኛ አይደለንም፤ ያሰቡት የሁለቱ ሙስሊም ልጆች አባቶች መሆናቸውን ሽማግሌው ነግረውናል።

ሰባቱ ልጆች ከዕንቍጣጣሽ በኋላ ይገባሉ። ዓመቱ እንዴት እንደሚውል አናውቅም፤ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ትምህርት ሲቋረጥ አይተናልና ብዙ ተስፋ በአፋችን አንናገርም። ነገር ግን በኅዳር የነቢያት ጾም ሲገባ ወደዚያ ግቢ አንድ ምሽት ለመሄድ፣ በእራትም ሰዓት ለመድረስ አስበናል። ሰባቱም ከአንድ ገበታ ዙሪያ መሆናቸውን ለማየት ነው። እናንተም አንባብያን፣ በየደጃችሁ ያደሩ የሰው ልጆች ካሉ፣ እንዲሁ ብታደርጉ እንለምናችኋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።